በካይሮ ቤተ መዘክሮች ሦስት ቀን

መድረሳ ውስጥ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከሱራ ዩኑስ ዘንድ ስንደርስ፣ ፊርዐውን ከሰጠመ በኋላ አላህ (ሱ.ወ) ገላውን ከኋላው ለሚመጡት ምልክት ይሆን ዘንድ እንዳወጣው የሚናገረው አንቀጽ ላይ ቆም እልና ለልጆቹ አንድ ወሬ እጨምርላቸው ነበር። ያ ገላ ዛሬም አለ፣ ካይሮ ከተማ ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ሳጥን ተጋድሟል፣ ስሙም ራምሴስ ይባላል፣ የፈረንሳይ ሐኪሞች ቢመረምሩት ሰውነቱ ላይ የባሕር ጨው ተገኘ፣ እላቸዋለሁ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ይሰሙኛል። ከዕለቱ ትምህርት ሁሉ ቤታቸው ሄደው ለወላጆቻቸው የሚደግሙት ይህንኑ ነው። ወሬውን ከየት እንዳገኘሁት ብጠየቅ ግን በልበ ሙሉነት የምመልሰው አልነበረኝም። መጀመሪያ አንድ ካሴት ላይ ሰምቼው፣ በኋላም አንድ በራሪ ወረቀት ላይ አንብቤው ይመስለኛል።

ዘንድሮ ከዑምራ ስመለስ ካይሮ ላይ ሦስት ቀን የመቆየት ዕድል ገጠመኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ማረፊያም መሪም አላጣሁም። አሊፍ ባ ከእኔ ዘንድ የቆጠረ፣ አሁን አዝሃር ውስጥ ኡሱሉዲን የሚያጠና ደረሳዬ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ያ ትንሽ ልጅ ጺም አውጥቶ ከካይሮ ሾፌር ጋር በአገሩ ዐረብኛ ሲከራከር ማየት ደስ ይላል። እኔ የማውቀው የኪታብ ዐረብኛ ነው። በዚያ ዐረብኛ ዋጋ ስጠይቅ ሾፌሩ ኹጥባ የማደርግለት መስሎት ፈገግ ይላል።

«ኡስታዝ፣ ምን ማየት ይፈልጋሉ?» አለኝ ደረሳዬ።

«ሌላው ቢቀርም ፊርዐውንን አሳየኝ» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «እርሱ የሁለተኛው ቀን ነው፣ ኢንሻአላህ» አለና ወሬ ለወጠ።

ለመንገዳችን የሚያውቃቸውን አንዲት በዕድሜ የገፉ ግብጻዊት አስጎብኚ ለምኖልኝ ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው ከእርሳቸው አንደበት የሰማሁትን፣ ከደረሳዬ ኪታቦች ያገላበጥኩትንና በዓይኔ ያየሁትን ነው። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ የሒጅራ ሲሆን እናገራለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጉዟችን የተጀመረው ከታሕሪር አደባባይ ዳር ካለው ቀላ ያለ ሕንፃ ነው። የግብጽ ሙዚየም የሚባለው ይህ ሲሆን የተከፈተው በ1902 ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ቤት የፈረንጅ ሥራ ብቻ አድርጌ ነበር የማስበው። አስጎብኚዋ ግን ገና ከበሩ ሳንገባ ደረጃው ላይ አስቁመውን ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት።

በ1798 ናፖሊዮን ግብጽን ሲወር ከወታደሩ ጋር ከ150 የማያንሱ ሊቃውንት አስከትሎ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከሸሹ መኳንንት ቤቶች ውስጥ ገብተው ኪታብና መሣሪያ ዘርግተው ያገሩን ድንጋይ፣ ዕፅዋትና እንስሳ ይመረምሩ ጀመር። ከከተማው ዑለማእ ቤታቸው ድረስ ደጋግመው ሄደው ያዩአቸው ሸይኽ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) ናቸው። ስማቸው እንደሚናገረው የዘር ሐረጋቸው ወደ እኛ ይመጣል። ከአያት ቅድመ አያቶቻቸው አንዱ በዘይላ አካባቢ ካለው ከጀበርት ምድር ተነሥተው አዝሃር የገቡ፣ የጀበርቲዎች ሪዋቅ የሚባለውን ያገራችን ደረሶች ማደሪያ በኃላፊነት የያዙ ሸይኽ ነበሩ። አል-ጀበርቲ በታሪካቸው ውስጥ የፈረንሳዮቹን የመጻሕፍት ብዛትና አያያዝ አድንቀው፣ ሲነኩት ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ መሣሪያ ማየታቸውንም ጽፈዋል። እኒያው ፈረንሳዮች በዚያው ዓመት በፈረስ አዝሃር ገብተው ኪታብ መርገጣቸውንም ጽፈዋል። አንዱን ለማድነቅ ሲሉ ሌላውን አልደበቁም።

በ1799 ረሺድ ከተማ አጠገብ ሦስት ዓይነት ጽሕፈት ያለበት ድንጋይ ተገኘ። ፈረንሳዮቹ በእንግሊዞች ሲሸነፉ ድንጋዩ እንደ ምርኮ ተወስዶ በ1802 ለንደን ገባ፤ ዛሬም እዚያው ነው። ከዚያ በኋላ የግብጽ ቅርስ በመርከብ እየተጫነ ወደ አውሮፓ ይጎርፍ ጀመር። ይህን ለማስቆም ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ በ1835 ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክል አዋጅ አወጣ። የተሰበሰበውም ካይሮ ውስጥ አዝበኪያ በሚባለው ሰፈር፣ በቋንቋዎች ትምህርት ቤት ዘንድ እንዲቀመጥ ተደረገ።

«የዚያ ትምህርት ቤት ኃላፊ ማን ነበሩ?» ብለው አስጎብኚዋ ወደ ደረሳዬ ዞሩ።

«ሸይኽ ሪፋዓ አጥ-ጠህጣዊ» አለ፤ በአዝሃር ልጅነቱ ኩራት ድምፁ ከፍ አለ።

አጥ-ጠህጣዊ (1801–1873) ከአዝሃር የወጡ ሸይኽ ናቸው። በ1826 ፓሪስ ለተላኩት ተማሪዎች ኢማም ሆነው ሄደው፣ ቋንቋውን ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። ስለዚህ በግብጽ የመጀመሪያው የቅርስ ግምጃ ቤት የተሰጠው በአንድ ቂርአት ቤት ባደገ ሰው እጅ ነው። ስብስቡ ግን ዕድሜ አላገኘም። ገዢዎቹ ለመጣው እንግዳ ሁሉ እያነሡ ሲሰጡ ቆይተው በ1855 ሰዒድ ፓሻ የቀረውን ጠቅልሎ ለኦስትሪያው መስፍን ለማክሲሚሊያን አበረከተለት። ዕቃው ቬና ገባ። እንግዳ ተቀባይነት መልካም ነው፤ የሰው አደራ አንሥቶ ለእንግዳ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ በ1863 ቡላቅ በሚባለው ሰፈር በአባይ ዳር አዲስ ሙዚየም ተከፈተ። በ1878 ወንዙ ሞልቶ ቤቱ ውስጥ ገባ። ከዚያ ዕቃው ወደ ጊዛ፣ ከጊዛ ወደዚህ ወደ ታሕሪር ዞረ።

ከሰዓት በኋላ ጊዛ ሄደን በኖቬምበር 2025 በይፋ የተከፈተውን ትልቁን ሙዚየም አየን። ሲገቡ የሚቀበለው የራምሴስ 2ኛ ሐውልት ነው፤ ቁመቱ 11 ሜትር፣ ክብደቱ 83 ቶን ነው። ከ1955 እስከ 2006 ድረስ በባቡር ጣቢያው አደባባይ ጭስ ሲጠጣ የኖረ ሐውልት ነው። በ1922 ከተገኘው ከቱታንኻሙን መቃብር የወጣው ከ5,000 በላይ ዕቃም እዚያ አለ። ስለዚያ ወርቅ ብዙ ስለተጻፈ አልጨምርም። እውነቱን ለመናገር ሕዝቡ ስለበዛ ያየሁት ከወርቁ ይልቅ የሰው ትከሻ ነው።

ሁለተኛው ቀን ፉስጣጥ ነው። ሰይዱና ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) የሠሩትን የመጀመሪያውን የግብጽ መስጊድ ገብተን ዱሓ ሰገድን። ከመጀመሪያው ግንብ ዛሬ የሚታይ የለም፤ ቦታው ግን ያው ነው። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የግብጽ ሥልጣኔ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። በኤፕሪል 3 ቀን 2021 ሃያ ሁለት ነገሥታትና ንግሥቶች፣ 18 ወንዶችና 4 ሴቶች፣ ከታሕሪር ወደዚህ ቤት በሌሊት በሰልፍና በመድፍ አጀብ የተወሰዱት እዚህ ነው። ዓለም በቴሌቪዥን አይቶታል።

አዳራሹ ከምድር በታች ነው። እንደ መቃብር ዋሻ ጨለም ያለ ነው፤ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ነው። ሰዉ ሁሉ ሳይነገረው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በየሳጥኑ ውስጥ ሰው ተኝቷል። ሐውልት ወይም ሥዕል ሳይሆን ፀጉርና ጥፍር ያለው ሰው ነው። አንደኛው ሰቀነንሬ የሚባለው ንጉሥ ግንባሩ በመጥረቢያ ተፈልጧል፤ በጦርነት የሞተ ነው፤ ከ3,500 ዓመት በኋላ ቁስሉ ዛሬም ይታያል። እኔ በእነዚህ አጠገብ ስሄድ የሙዚየም ስሜት አልተሰማኝም። ጀናዛ ያለበት ቤት የገባሁ ነበር የመሰለኝ። ፕሬዚዳንት ሳዳት በ1980 የሙታን ክብር ነው ብለው ይህን ክፍል ለሕዝብ አዘግተውት ነበር፤ እንደገና የተከፈተው በ1994 ነው። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) የአይሁዳዊ ጀናዛ በፊታቸው ሲያልፍ ተነሥተው መቆማቸውን እያስታወስኩ፣ ሳዳት በዚህ አልተሳሳቱም ብዬ ከራሴ ጋር አወራሁ። እንዲህ እያልኩ ግን እግሬ ወደ ፊት ይሄድ ነበር።

ራምሴስ 2ኛ ዘንድ ደረስን። አፍንጫው ቆልመም ያለ፣ ፀጉሩ ቀላ ያለ፣ እጆቹ ደረቱ ላይ የተጣመሩ ሽማግሌ ነው። ለሃያ ሁለት ዓመት የተረክሁት ሰው ፊት ለፊቴ ነበር። ሱብሓነላህ አልኩና ወደ አስጎብኚዋ ጠጋ ብዬ በዚያ በኪታብ ዐረብኛዬ፣ «የሰይዱና ሙሳ (ዐ.ሰ) ፊርዐውን ይህ ነው አይደል?» አልኳቸው።

«ያ ሸይኽ፣ ይህን የማልጠየቅበት ቀን የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ቁርኣን ስሙን ነግሮናል?»

«አልነገረንም።»

«ታዲያ እኔ ከየት አምጥቼ ልንገርዎ?»

ከዚያ ወደ ጥግ ወስደው አስረዱኝ። ፊርዐውን የሰው ስም አይደለም። በጥንቱ የግብጽ ቋንቋ «ትልቅ ቤት» ማለት ነው፤ እኛ «ቤተ መንግሥቱ አዘዘ» እንደምንለው ነው። ንጉሡ ራሱ በዚህ ስም መጠራት የጀመረው ከጊዜ በኋላ ነው። ቁርኣን በሰይዱና ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ዘመን የነበረውን ገዢ «ንጉሥ» ብቻ ብሎ፣ በሙሳ (ዐ.ሰ) ዘመን የነበረውን «ፊርዐውን» ማለቱን ደረሳዬ አስታወሰን። አስጎብኚዋ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ይህ ራምሴስ ከዒሳ (ዐ.ሰ) ልደት በፊት ከ1279 እስከ 1213 ገደማ፣ ማለት 66 ዓመት ያህል የገዛ ነው። ሲሞት 90 ዓመት ግድም ነበር። አጥንቱ በቁርጥማት ተጎድቷል፤ ጥርሱ ሥር መግል ቋጥሯል። ገላው ላይ የእርጅና ምልክት ሞልቷል፤ የመስጠም ምልክት ግን አልተገኘበትም። ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ የመቃብር ሌቦች ስላስቸገሩ ካህናቱ ከመቃብሩ አውጥተው፣ ከሌሎች ነገሥታት ጋር ሉቅሶር አጠገብ ገደል ውስጥ ባለ ጉድጓድ ደበቁት። ሲያዛውሩትም ጉዳዩን ጽፈውበታል። በ1881 መንግሥት ቦታውን ደርሶበት ሬሳዎቹን በመርከብ ወደ ካይሮ ሲያመጣ የአባይ ዳር ሴቶች ፀጉራቸውን ነጭተው እያለቀሱ መርከቡን ተከተሉት፤ ወንዶቹም ለቀብር እንደሚደረገው ጥይት ተኮሱ። ለማያውቁት፣ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ለሞተ ሰው አለቀሱለት።

«ጨዉስ?» አልኩ። ተስፋ አልቆረጥኩም ነበር።

«የትኛው ጨው?» አሉና ፈገግ አሉ። ግብጻውያን ሬሳን የሚያደርቁት ናትሮን በሚባል፣ ከበረሃ ሐይቅ ዳር በሚለቀም ጨው ነው። የሆድ ዕቃውን አውጥተው ገላውን በዚያ ጨው 40 ቀን ያህል ይቀብሩታል፤ መጠቅለሉና ሥርዓቱ ተጨምሮ 70 ቀን ይፈጃል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያሉት ሁሉ በዚህ ያለፉ ናቸው። ጨው የሌለበት ቢገኝ ነበር የሚያስገርመው።

ወሬው እንዴት እንደተወለደም ያኔ ገባኝ። በ1976 ወደ ፓሪስ የተወሰደው ራምሴስ ነው፤ ሻጋታ እየበላው ስለነበር ለሕክምና ነው የሄደው። በዚያው ዓመት ስለ ቁርኣንና ሳይንስ የጻፈው መጽሐፍ የወጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ሞሪስ ቡካይ ግን የሙሳ (ዐ.ሰ) ፊርዐውን ብሎ የገመተው ራምሴስን ሳይሆን ልጁን ምርነፕታህን ነው። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር አባትና ልጅ አንድ ሰው ሆኑ፣ የናትሮኑ ጨው የባሕር ጨው ሆነ፣ ግምቱም እርግጥ ሆነ። ምርነፕታህም እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተኝቷል። በ1896 የተገኘ፣ በዘመኑ የተቀረጸ ድንጋይ በአምስተኛው የግዛት ዓመቱ የእስራኤልን ሕዝብ በከነዓን ምድር ካሉት ጋር ይጠራል። ስለዚህ ገና በአምስተኛ ዓመቱ እነርሱ ከግብጽ ወጥተው ከሆነ እርሱ እንዴት ይሆናል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህ ሁለቱ አስቀድሞ የነገሠ ነው የሚሉም አሉ። የታሪክ ሰዎች በአንድ ስም ላይ አልተስማሙም።

ማታ ደረሳዬ በተከራያት ክፍል ሻይ እየጠጣን ሳለ እንዲህ አለኝ።

«ኡስታዝ፣ አይቆጡኝ። አዝሃር በገባሁ ዓመት ይህንኑ ነገር ክፍል ውስጥ ተናግሬ ነበር። መምህሩ ምንጭህ ምንድን ነው አሉኝ። ኡስታዜ ናቸው አልኩ። እንግዲያው ኡስታዝህን ምንጫቸው ምን እንደሆነ ጠይቅ አሉኝ። ለእርስዎ ደውዬ መጠየቅ ፈራሁ። አራት ዓመት ሆነኝ።»

የምመልሰው አጣሁ። ምንጬ ካሴት ነው ልበለው? እርሱም ዓይኔን ላለማየት ተነሥቶ ከመደርደሪያው አንድ ኪታብ አወረደ። ተፍሲር አል-ጀላለይን ነበር። ወጣትነቴን ያሳለፍኩበት፣ ዛሬም ለትላልቆቹ ልጆች የማቀራው ኪታብ ነው። ሁለት የካይሮ ሰዎች ናቸው የጻፉት። ጀላሉዲን አል-መሐሊ ከሱራ አል-ከህፍ እስከ ቁርኣኑ መጨረሻ ጽፈው በ1459 አረፉ። ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ (1445–1505) ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሳሉ የጎደለውን በ40 ቀን ሞሉት። ስለ ሐበሾች ክብር ራሱን የቻለ ኪታብ የጻፉትም እኒሁ ሱዩጢ ናቸው። ሱራ ዩኑስ የእርሳቸው ድርሻ ነው።

አንቀጹን አወጣን። ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የተላለፈው እዚያው ተቀምጧል፦ ከበኒ ኢስራኢል አንዳንዶቹ የፊርዐውንን መሞት ስለተጠራጠሩ እንዲያዩት ገላው ወጣላቸው ይላል። ትርጉሙ ይኸው ነው። ከዚያ አልፎ ገላው ለዘላለም ይቆያል የሚል ትርጉም የሚሰጡ በኋላ ዘመን የተነሡ አሉ፤ አላህ ያውቃል፤ ግን እንኳን የሳጥን ቁጥሩን ስሙንም የነገረን የለም። ይህን መስመር ስንት ጊዜ እንዳቀራሁት አላህ ነው የሚያውቀው። አቀርቼው ሳልፍ ኪታቡን አስቀምጬ የካሴቱን ወሬ አመጣ ነበር።

ደረሳዬ ሐፍረቴን አይቶ ይመስለኛል፣ ስለ ሌላ ሰው አወራኝ። ዐብዱለጢፍ አል-በግዳዲ (1162–1231) የባግዳድ ሐኪም ናቸው፤ ግብጽ መጥተው አዝሃር ውስጥ አስተምረዋል። በ1200 አባይ ሳይሞላ ቀረና ታላቅ ረኃብ ሆነ። የሞተው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ካይሮ ዳር አጥንት እንደ ኮረብታ ተከመረ። በዚያን ጊዜ የሕክምና ሰዎች ሁሉ መሪ ከሺህ ዓመት በፊት የነበረው የግሪኩ ጃሊኑስ ነው። እርሱ የሰው የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ጽፏል። ሁሉም ይህን ሲቀራ ኖሯል። አል-በግዳዲ ወደ አጥንቱ ክምር ሄደው ከ2,000 በላይ የራስ ቅል አገላብጠው አዩ። አንድ አጥንት ነው። ጃሊኑስ ታላቅ ነው፣ ያየሁት ግን ከጃሊኑስ የበለጠ እውነት ነው የሚል ቃል ጽፈው ሄዱ። ስለ ፒራሚዶቹና ስለ ጥንቱ ሐውልት ያዩትንም በዚያው ኪታብ አስፍረዋል። ወርቅ ፍለጋ የሚያፈርሱትን ሰዎች ወቅሰው፣ የቀድሞ ነገሥታት ይጠብቋቸው እንደነበርና የታሪክ ምስክር መሆናቸውን ያስረዳሉ።

ሦስተኛው ቀን ወደ ባቡል ኸልቅ ሄድን። የኢስላም ጥበብ ሙዚየም እዚያ ነው። ሁለቱን ቀን በእንግድነት ነበር የዞርኩት፤ እዚህ ግን ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። የዚህ ቤት ታሪክ ራሱ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል። ባለፈው ሺህ ስምንት መቶዎቹ ዓመታት የካይሮ መስጊዶች ሲያረጁ እንጨታቸው፣ መስታወታቸውና ነሐሳቸው ተነቅሎ ለአውሮፓ ገዢዎች ይሸጥ ነበር። ከኢብኑ ጡሉን መስጊድ ሚንበር የተነቀለ የተቀረጸ እንጨት ዛሬ ለንደን ሙዚየም ውስጥ ይታያል። በ1881 ይህን የሚጠብቅ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የተረፈውም በፈራረሰው በአል-ሓኪም መስጊድ ግቢ ተሰበሰበ። አሁን ያለበት ሕንፃ የተመረቀው በ1903 ነው። ዛሬ 100,000 ያህል ዕቃ ይገኝበታል።

ለደረሳዬ ያስደሰተው በ519 ዓመተ ሒጅራ (1125) ለአዝሃር የተሠራው የእንጨት ሚሕራብ ነው። እጁን ወደ መስታወቱ ዘርግቶ ቆመ። እኔን ያቆሙኝ መብራቶቹ ናቸው። ከሱልጣን ሐሰን መስጊድና ከሌሎችም የመጡ፣ ባለ ቀለምና ባለ ወርቅ የመስታወት መብራቶች ናቸው፤ በብዙዎቹ አንገት ላይ ከሱራ አን-ኑር የብርሃኑ አንቀጽ ዞሮ ተጽፏል። ውስጡ ዘይት ሲነድ ብርሃኑ በፊደሉ በኩል ነበር የሚወጣው። አሁን ዘይት የለውም፤ የሚያበራው የሙዚየሙ አምፖል ነው። መስጊዱ ውስጥ ቢሰቀል አይሻልም ነበር ወይ ብዬ አሰብኩ። ቢሰቀል ኖሮ ዛሬ ለንደን ወይም ፓሪስ ነበር፣ አሉኝ አስጎብኚዋ። ግን እዚህም ሆኖ አልተረፈም። በጃንዋሪ 24 ቀን 2014 ፊት ለፊት ባለው የፖሊስ መሥሪያ ቤት ላይ የተጠመደ የመኪና ቦምብ ፈነዳ። ሰው ሞተ፤ የሙዚየሙ ጣሪያ ወረደ፤ ከመብራቶቹም የደቀቁ አሉ። ባለሙያዎቹ ስብርባሪውን ለቅመው ሦስት ዓመት ጠገኑት፤ ቤቱ እንደገና የተከፈተው በጃንዋሪ 2017 ነው። ስድስት መቶ ዓመት የሱራ አን-ኑርን አንቀጽ ተሸክሞ የኖረ መስታወት በአንድ ማለዳ በሙስሊም አገር፣ በሙስሊም እጅ መሰበሩን ሳስብ ከዚያ ቦታ መንቀሳቀስ አቃተኝ።

ልንወጣ ስንል አስጎብኚዋ አንድ ድንጋይ ዘንድ መለሱን። የሚያምር ነገር የለውም። ጌጥ የለበትም፤ መስመሩም ቀጥ አላለም። በላዩ ያለው ዐረብኛ ነው፣ ግን ነቁጣ የለውም። ልጆች ነቁጣ ሲረሱ የምቆጣ ሰው፣ ባ ይሁን ታ፣ ኑን ይሁን ያ መለየት ተስኖኝ እንደ ጀማሪ ደረሳ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። የመቃብር ድንጋይ ነው። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ኸይር አል-ሐጅሪ የሚባል ሰው መቃብር ላይ የቆመ ነው። ቀኑ ጁማዳ አል-ኣኺር 31 ዓመተ ሒጅራ ይላል፤ ማለትም 652። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ካረፉ ሃያ ዓመት ብቻ ነበር፤ ኸሊፋው ሰይዱና ዑስማን (ረ.ዐ) ነበሩ። ዓመቱ ከተጻፈባቸው የሙስሊም የመቃብር ድንጋዮች ከዚህ የሚቀድም አልታወቀም። ሐሰን አል-ሀዋሪ የሚባሉ የዚሁ ሙዚየም ሰው ናቸው አንብበው በ1930 ለዓለም ያስታወቁት።

ይህ ሰው ማን እንደነበር ድንጋዩ አይነግረንም። ጦር ሜዳ ዋለ ወይም ሹም ነበር የሚል ቃል የለበትም። የሚለው አላህ እንዲምረውና ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ምሕረት እንዲለምንለት፣ ኣሚን እንዲልለት ብቻ ነው። ሦስታችንም ሳንነጋገር እጃችንን አነሣን። ከኋላችን የቆሙ ጎብኚዎች ቦታ እስክንለቅላቸው ይጠብቁ ነበር። ስለ ራምሴስ የገላው ሕመም እንኳ ሲታወቅ ስለዚህ ሰው የቀረው ስሙና ልመናው ብቻ ነው፤ ልመናው ግን በ1,400 ዓመቱ እኔ ዘንድ ደርሷል።

አገሬ ከገባሁ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ትላልቆቹን ልጆች ሰበሰብኩና ያየሁትን ነገርኳቸው። ስለ ፊርዐውን የነገርኳችሁ ስሕተት ነበር፣ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፣ ሱዩጢ የጻፉት ደግሞ ይህ ነው ብዬ መስመሩን አስቀራኋቸው። ሁለት ሦስቱ ደብተራቸው ላይ የነበረውን ሠረዙ። አንዱ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፣ ብዕሩን አላነሣም። ፊቱ ተቆጥቷል።

«ኡስታዝ፣ አባቴ ራምሴስ ነው ብሎኛል። አባቴ ይዋሻል ማለት ነው?»

«አባትህ የሰማውን ነው የነገረህ» አልኩት። «አባትህ እዚህ ተቀምጦ ሱራ ዩኑስን ሲቀራ ይህን ወሬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ከዐስር በኋላ እመጣለሁ በልልኝ።»